ለእማዬ ብርድ ልብስ የሚሆን መኪና

ብሉመንታል፣ ካንሳስ
ጃንዋሪ 11 ቀን 2012

ኦርፋ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሃርላንም ደህና ነው፤ ነፋሱ ብቻ እንደ ልማዱ ጣሪያችንን ሊወስድ ይታገላል።

አዎ፣ ፖስትካርዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። አእምሮዬም ቦታው ላይ ነው። ዕድሜ ልኳን "በመኪና የተሰፋ ብርድ ልብስ ብርድ ልብስ አይደለም፣ የእህል ከረጢት ነው" ስትል የኖረችው ትዊላ ኡንሩ፣ ያቺው እህትሽ፣ ቤቷ የምታስገባው ክንደ ረጅም የስፌት መኪና እየፈለገች ነው። ሳቂ። ስቀሽ ስትጨርሺ ግን መልሺልኝ፤ ከማውቃቸው ሰዎች ያ መኪና ቤቷ ያለው አንቺ ብቻ ነሽ።

ምን አግኝቶሽ ነው ብለሻል። ያገኘኝ እጄ ነው። የቀኝ አውራ ጣቴ ጠዋት ጠዋት አይታጠፍም፤ መርፌው ሳላውቀው ከእጄ ይወድቃል። ለማንም አልተናገርኩም። ረቡዕ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከሴቶቹ ጋር መወጠሪያው ዙሪያ ተቀምጠን ለችግረኞች መርጃ በጨረታ የሚሸጠውን ብርድ ልብስ ስንሰፋ፣ አንዲትም ሰው አላወቀችብኝም። እንድታውቅብኝም አልፈልግም። እዚያ ወንበር ላይ አርባ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ከተነሳሁ ምን እንደምሆን እውነቴን ነው የምልሽ አላውቅም።

ደግሞ የእማዬ ብርድ ልብስ አለ። ቁርጥራጩን ገጣጥማ ፊቱን ጨርሳ፣ ባዘቶና ገበር ሳይገባለት ጥላው የሞተችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። "ሁለታችሁ ጨርሱት፣ ሁለታችሁ" ነው ያለችው፤ አንቺም ሰምተሻል። እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ ልሰፋው እፈልጋለሁ።

ትናንት ሱቅ ሄጄ መኪናውን አየሁትና ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ የመሰለኝ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ለካ አስራ ሁለት ጫማ በሚረዝም መወጠሪያ ላይ በሐዲድ የሚሄድ፣ ጥጃ የሚያህል ነገር ነው። ሻጯ ሁለቱን እጀታ ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትገፋው፣ እኛ ስምንት ሴቶች ሁለት ወር የምንለፋበትን ከምሳ በፊት ጨረሰችው። እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ፤ ሃርላን ወንበር ጠይቆ ተቀመጠ። እስቲ ምከሪኝ፤ የቱን ልያዝ? የሚበቃው ክፍል የልጆቹ የነበረው ብቻ ነው።

"እትዬ" ማለት ከተውሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

ትዊላ


አስቶሪያ፣ ኦሪገን
ጃንዋሪ 23

ትዊላ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ሃርላንን ሰላም በይልኝ።

ፖስትካርዱ ላይ ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሁለት ጊዜ በስልክ አውርተን ሁለቴም ጆሮ ላይ ተዘጋግተናል። በጽሑፍ ይሻለናል። ወረቀት ላይ ሰው አፉን ይሰበስባል።

ወደ መኪናው ልምጣ። ክፍሉን ስትለኪ መወጠሪያውን ብቻ አስበሽ አትለኪ፤ ከፊቱም ከኋላውም ቆመሽ የምትሠሪበት ቦታ ይፈልጋል። በሩንም ለኪ። እኔ በሩን ሳልለካ አስመጥቼ መስኮት አስነቅያለሁ። ክንዱ አጭር የሆነውን አትያዢ፤ ጨርቁ እየተጠቀለለ ሲወፍር የምትሰፊበት ስንዝር ታህል ቦታ ነው የምትቀርሽ። የራስሽን ጨርቅና የራስሽን ክር ይዘሽ ሂጂና አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመሽ ስፊበት። ሻጯ ፊቷ ቢጠቁር ይጥቆር። ወገብሽ ራሱ ይነግርሻል።

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደገፋሽው ነው፤ ከፈጠንሽ ስፌቱ ይረዝማል፣ ከዘገየሽ ያጥራል። ሁለተኛው እጅሽ ቢፈጥንም ቢዘገይም ስፌቱን እኩል ያደርግልሻል፤ የምትመሪው ግን አንቺ ነሽ። ሦስተኛው በኮምፒውተር ብቻውን ይሰፋል፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታይዋለሽ። ላንቺ የሚሆነው ሁለተኛው ነው።

ስለ እማዬ ብርድ ልብስ በቀብሯ ማግስት መልስ ሰጥቼሻለሁ። አልነካውም። ምክንያቱን ሆድ ይፍጀው።

አንድ ልጠይቅሽ። አሁን በኢንች ስንት ስፌት ነው የምትሰፊው?

ኦርፋ


ብሉመንታል
ፌብሩዋሪ 4

ኦርፋዬ፣

በኢንች አስር። አንዳንድ ቀን ዘጠኝ። ምን እንዳስጠየቀሽ ግን አልገባኝም። እማዬ አስራ ሁለት ትሰፋ ነበር፣ እኔ አስራ አንድ፤ ይህን አገር ያውቀዋል። አንድ ሁለት ቢቀንስ የዕድሜ ነው።

በሩን ለካን፤ ሦስት ጣት ያህል ይጠባል። ሃርላን "መቃኑን እነቅላለሁ" ብሎ ከወዲሁ መዶሻ ይዞ ይዞራል። አርባ ዓመት ሙሉ የኩሽናውን መደርደሪያ አስተካክል ስለው መዶሻው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው።

እንዳልሽኝ ጨርቄንና ክሬን ይዤ ዊቺታ ወዳለው ትልቁ ሱቅ ሄድኩ። ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሴልማ ጎርዘንን። ረቡዕ ቡድናችንን የምትመራው፣ በመኪና የተሰፋ ነገር ጨረታው ውስጥ እንዳይገባ ብላ በጉባኤ ፊት ቆማ የተናገረችው ሴልማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ትልቁን መኪና በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋ ደረስኩባት። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ሲሰርቁ የተያዙ ሌቦች እንኳ እንዲህ አይተያዩም።

"ለእህቴ ልጅ ነው የማየው" አለችኝ።

"እኔም ለሃርላን ነው" አልኳት።

አልሳቅንም። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄ ላንቺ ጥሩ ነው ትዊላ። ታርፊያለሽ። እኛም እናርፋለን" አለችኝ። እናንተ ደግሞ ከምኑ ነው የምታርፉት ስላት፣ ክር ልታይ ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ምን ማለቷ ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛውን ዓይነት ሞከርኩት። መስመሬ እንደ እባብ ተጠማዘዘ፣ ስፌቱ ግን እኩል ነበር። ወድጄዋለሁ መሰለኝ። እማዬ ከመቃብር ተነስታ እንዳትቆነጥጠኝ ነው።

ስለ ብርድ ልብሱ አልጨቀጭቅሽም። ግን አስቢበት።

ትዊላ


ብሉመንታል
ፌብሩዋሪ 27

ኦርፋ፣

ካርድሽ ደርሶኛል። ምን ዋጠሽ ብለሻል፤ ይኸው።

የዛሬ አስራ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ እንደ ወትሮው ሰፍተን፣ ሳህናችንን አጥበን፣ ተሰነባብተን ወጣን። ግማሽ መንገድ ስደርስ መነጽሬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። የሴልማ መኪና ደጅ እንደቆመ ነው። ደረጃውን ወርጄ በሩን ከፈትኩት።

ሴልማና ሌሎች ሁለት ሴቶች በኔ ቦታ ላይ ተደፍተዋል። አንዷ በመተርተሪያ ስፌቱን ታነሳለች፣ አንዷ ክሩን ትለቅማለች፣ ሴልማ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች እንደገና ትሰፋለች። የኔን ስፌት ነው ኦርፋ። ያን ቀን ጠዋት በዚህች በማትታዘዝ እጄ የሰፋሁትን። የሚተራመስ የለም፣ የሚነጋገር የለም፤ የለመዱት ሥራ እንደሆነ ከእጃቸው ያስታውቃል።

ያዩኝ ጊዜ አንዷ መተርተሪያውን ከቀሚሷ ኪስ ከተተችው። እንዳላየሁ።

"ስንት ጊዜያችሁ ነው?" አልኩ።

ሴልማ ይህን ጊዜ አልዋሸችኝም። "ሁለት ዓመት" አለችኝ። "ተራ አለን።"

መነጽሬን አንስቼ "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኳቸው እስካሁን አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። እጄ አይደለም፤ ራሴ ነኝ ያቃተኝ።

ሁለት ዓመት። ባለፈው ጨረታ ላይ ሃርላንን እጁን ይዤ ወስጄ፣ "ይሄ ማዕዘን የኔ ነው፣ ተመልከት" ብዬዋለሁ። የሴልማ ነበር። ሴልማ አጠገባችን ቆማ "ያምራል" አለች። ይህን ሳስብ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ አልሄድኩም። ሃርላንን ጉንፋን ይዞኛል ብዬዋለሁ። መኪናውን ወስኛለሁ፤ በኮምፒውተር ብቻውን የሚሰፋውን ነው የምይዘው። የእማዬን ብርድ ልብስ እሱ ይስፋው፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ አየዋለሁ። የሚተረተር ነገር አይኖረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ አንቺ ከውጭ ስለምታይው። አንድ ላይ ጸልየን፣ አንድ ላይ ዳቦ ቆርሰን፣ ሰውን ከኋላው እንዲህ ማድረግን ማን ነው ያስተማራቸው?

ትዊላ


አስቶሪያ
ማርች 6

ትዊላ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አዝኛለሁ። መጀመሪያ ይህን ልበል፤ ቀጥሎ የምለው ያላዘንኩ ያስመስለኛልና።

ማን አስተማራቸው ብለሽ ጠይቀሻል። አንቺና እማዬ ናችሁ።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አስራ ዘጠኝ። መወጠሪያው እንግዳ መቀበያው ክፍል ተዘርግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ መዝሙር ልምምድ ወጣሁና ሹራቤን ረስቼ ተመለስኩ። በመስኮት አየኋችሁ። እማዬ እኔ ጠዋት የሰፋሁትን ትተረትራለች፣ አንቺ እየተከተልሽ ትሰፊያለሽ። "እንዳትነግሪያት" አለችሽ። "ምን በወጣኝ" አልሻት፤ "ደስ ብሏት ትስፋ።"

ክፉዎች አልነበራችሁም። ክፉዎች ብትሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እገላገል ነበር። ስገባ ግን እማዬ ሁለት ደራርባ የምትጋግረውን ዳቦ ቅቤ ቀብታ ሰጠችኝ፣ አንቺም ሹራቤን ከወንበሩ አንስተሽ አለበስሽኝ። ከዚያ በኋላ ስፌት እጠላለሁ ስል "ይህች ልጅ ሰነፍ ሆነች" አላችሁኝ። ሰነፍ መባሉን መረጥኩ። እዚህ ድረስ የመጣሁትም በባሌ ሥራ ምክንያት ብቻ አይደለም።

መኪናውን ለምን ገዛሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። መኪና አጥብቆ ይሰፋል፤ ለመተርተር የሚደፍር የለም።

የእማዬን ብርድ ልብስ አልነካም ያልኩትም ለዚህ ነው። ሰፍቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ፣ ከኋላዬ መወጠሪያው ላይ ማን እንደምትቀር አውቃለሁ።

ኦርፋ


ብሉመንታል
ማርች 14

ኦርፋ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ሃርላን ፊቴን አይቶ "ማን ሞተ?" አለኝ።

አላስታውስም ልልሽ ነበር። ወረቀቱን ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አስታውሳለሁ። አንቺ ያየሽው አንድ ቀን ነው፤ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ነበር። እማዬ "የቤታችን ስም ነው፣ እሷ ደግሞ ልጅ ናት፣ ሆዷ ይብሳል" ትለኝ ነበር፤ እኔም የማደርገው ስለምወድሽ መስሎኝ ነበር። ማየትሽን አላወቅኩም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አለማወቄ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። እህቴ ለምን ራቀችኝ እያልኩ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

ሌላም አለ፤ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ይውጣ። ረቡዕ ከእኛ ጋር ትሰፋ የነበረችውን አሮጊቷን ፍሪዳን ታስታውሻታለሽ? ዓይኗ ሲደክም የእሷንም እንተረትር ነበር። ሴልማ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። መተርተሪያውን ይዤ፣ ጨርቁ ሳይቀደድ ስፌት እንዴት እንደሚነሳ በፍሪዳ ስፌት ላይ ያሳየኋት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ይቅርታ አድርጊልኝ እላለሁ፤ ቃሉ እንደሚያንስ እያወቅኩ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በጃንዋሪ ላይ በኢንች ስንት ትሰፊያለሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እጄን አውቀሽ ነበር? ማን ነገረሽ? ሴልማ ጽፋልሽ ከሆነ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከዚህ በላይ የምደነግጠው የለኝም።

የኮምፒውተሩን መኪና ለማዘዝ ሻጯን የወሩ መጨረሻ እደውልልሻለሁ ብያታለሁ።

ትዊላ


አስቶሪያ
ማርች 21

እትዬ፣

ማንም አልጻፈልኝም። የነገረኝ ለልጅ ልጄ የላክሽው ብርድ ልብስ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትወለድ፣ ቢጫው።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼው ቆጠርኩ። በኢንች አራት። አንዳንድ ቦታ ሦስት፣ መስመሩም ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። ያንቺ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ሌላ ሰው አሰፍታ ይሆን ብዬ አገላበጥኩት። ከዚያ ጥጉ ላይ ስምሽን አየሁና ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺም ነግረሽኛልና። ተነስቼ መተርተሪያ አመጣሁ። መኪናዬ እዚያው አጠገቤ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ፈትቼ እኩል አድርጌ ልሰፋው እችል ነበር፣ አንቺም ኦሪገን ድረስ መጥተሽ አታይውም። ጫፉን ከመጀመሪያዋ ስፌት ሥር አስገባሁት። አርባ ዓመት ይህችን ሰዓት ስጠብቅ የኖርኩ ያህል እጄ ፈጠነብኝ፤ ይህን ሳውቅ ራሴን ፈራሁት።

አወጣሁትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንድም አልተረተርኩም እትዬ። ልጅቷ አሁንም በእሱ ነው የምትተኛው፤ እሱ ከሌለ አልተኛም ትላለች።

የኮምፒውተሩን መኪና እንዳታዢ። እሱ ያለ አንቺ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ራስሽን ራስሽ ተረተርሽ ማለት ነው። ሁለተኛውን ያዢ። እጀታው ወፍራም ነው፣ አውራ ጣትሽን አያስታጥፍሽም። መስመሩ ቢጠማዘዝ ይጠማዘዝ።

መሥሪያ ቤቴን ፈቃድ ከጠየቅኩ ሜይ ላይ አስር ቀን ይሰጡኛል። ምን ትያለሽ?

ታናሽሽ ኦርፋ


ብሉመንታል
ኤፕሪል 19

ኦርፊዬ፣

ምን ትያለሽ ይባላል እንዴ? አልጋሽን አንጥፌያለሁ።

መኪናው መጥቷል፤ ሁለተኛው። ሃርላን መቃኑን ነቅሎ አስገባው፤ በሩ እስካሁን ኮሪደር ላይ ተጋድሟል፣ ለመመለስ ያሰበም አይመስልም። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ገብቼ አሮጌ አንሶላ ላይ እለማመዳለሁ። ትናንት አበባ ልሰፋ ብዬ ድንች ወጣኝ።

በካርድሽ ረቡዕ ሄድሽ ወይ ላልሽው፣ ሄድኩ። ወንበሬ ባዶውን ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ከሰፋን በኋላ መውጫው ሲደርስ አልተነሳሁም። "ለጨረታው ነው፣ መተርተር ካለበት ይተርተር" አልኳቸው፤ "እኔ ባለሁበት ግን።" ከዚያ ሴልማ መተርተሪያውን ከቅርጫቷ ሥር አወጣችና አጠገቤ ተቀምጣ መተርተር ጀመረች። ክሩን የለቀምኩት እኔ ነኝ። የሷም ጣት እያበጠ ነው፣ ለዚያ ነው ለካ ሱቁ ውስጥ መኪናውን ስትሞክር ያገኘኋት። ለፍሪዳ ብለን ሁለታችንም አለቀስን፤ ያቺን አሮጊት ማንም አልነገራት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የእማዬን ብርድ ልብስ ከሳጥኑ አውጥቼ መወጠሪያው ላይ ዘረጋሁት። አይተኛም። ጠርዙ ሞገድ ይሠራል፣ መሃሉ ያብጣል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ደነገጥኩ። የገጣጠመችበት ስፌት ጠማማ ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዳንዱ ከናካቴው ስቷል። የእማዬ እጅ፣ አስራ ሁለት ትሰፋ የነበረችው።

ያን ጊዜ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከጻፍኩልሽ በኋላ እንዳልፀፀት ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ የሰፋችውን እተረትርባት ነበር። እኔ ብቻዬን። ከእንቅልፏ ስትነሳ ታየዋለች፣ ጣቷን ታስኬድበታለች፣ ምንም አትለኝም። እንዳላወቀች ነበር የማስበው። እናታችን የራሷን ስፌት የማታውቅ ሴት ነበረች? ይህንን የብርድ ልብስ ፊት በሯን ዘግታ ነበር የሰፋችው፤ እኔን አስገብታኝም አታውቅም።

"ሁለታችሁ ጨርሱት" ያለችው እንድንታረቅ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ነው የመሰለኝ። አሁን ገባኝ። እኔ ብቻዬን ከነካሁት ከእሷ ስፌት አንዲትም እንደማትተርፍ አውቃ ነው። አንቺን የፈለገችው ከእኔ እንድትጠብቂው ነው።

እንደ ሥራው ደንብ ፈትቶ እንደገና መግጠም ነበር። አልፈታሁትም። ባዘቶውን ድርብ አድርጌ ሞገዱን ልሞላው አስቤያለሁ፤ ካልሆነም እንዳበጠ ይሰፋ። ግማሹን ለቅቄልሻለሁ። እጀታውም ሁለት ነው፤ ግራው ያንቺ ነው።

ፖስታው ውስጥ በካርቶን የጠቀለልኩት የእማዬ መተርተሪያ ነው። ከሷ ሞት ወዲህ እኔ ዘንድ ነበር። ስትመጪ አታምጪው።

እትዬሽ ትዊላ